የቮልሳችሁን ታይሚንግ በአንዲት አምፖል ራሳችሁ አስተካክሉ

«ቮልሴ ዳገት ላይ ጉልበት አጣ። ታይሚንጉን ራሴ ቤት ማስተካከል እችላለሁ ወይ?» ይህ ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አንዱ በስልክ ይጠይቀኛል፣ ሌላው መንገድ ዳር አስቁሞኝ። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ትችላላችሁ። ግማሽ ቀን፣ ጥቂት ቁልፎችና አንዲት ትንሽ አምፖል ይበቃችኋል። በቃል ሲነገር ግን አንዱ ደረጃ ይረሳል፣ የተረሳው ደረጃ ደግሞ ሥራውን ሁሉ ያበላሻል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ጻፍኩት።

መመሪያው በአየር ለሚቀዘቅዘው ለአሮጌው ቮልስዋገን ቢትል ነው። 1200፣ 1300፣ 1500 ወይም 1600 ሲሲ ቢሆን አሠራሩ አንድ ነው፤ የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ነው። የቢትል ሞተር የተገጠመለት ኮምቢ ያላችሁም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ ምን እንደምናስተካክል እንወቅ። ታይሚንግ ማለት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት ነው። ቤንዚንና አየሩ በአንድ ጊዜ ቦግ አይልም፤ እሳቱ ከካንዴላው ተነስቶ ሲሊንደሩን ለማዳረስ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ መነሳት አለበት። እሳቱ ከዘገየ ግፊቱ የሚመጣው ፒስተኑ ወደ ታች ከሸሸ በኋላ ነው፤ ጉልበት ይጠፋል፣ ቤንዚን ይባክናል፣ ሞተሩም ይግላል። ከቀደመ ደግሞ ፒስተኑ ገና እየወጣ ሳለ ከላይ ይመታዋል። ይህኛው የባሰ ነው፤ ፒስተን ይበሳል።

«በጆሮ እየሰማሁ ባስተካክለውስ?» የምትሉ አላችሁ። አታድርጉት። እሳቱን ባስቀደማችሁ ቁጥር ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይሰጥ ሞተሩ የሚዞርበት ፍጥነት) እየፈጠነና እየጣፈጠ ይሄዳል። ጆሮ የሚወደው ድምፅ ሞተሩ ከሚችለው ያለፈ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ጋራዥ የኔን ቮልስ በጆሮ አስተካክሎ ሰጠኝ። ሚኒሞው እንደ ሰዓት ነበር። በዚያው ይዤው ወደ አዋሽ ወረድኩ። መተሐራን ሳላልፍ ሞተሩ ጋለና ቆመ። ሲፈታ የ3 ቁጥር ፒስተን ጫፉ ተበልቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ያለ አምፖል ታይሚንግ ነክቼ አላውቅም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- 10 እና 13 ቁጥር ቁልፍ፤ ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለአራቱ ካንዴላዎች የሚያከፋፍለውን) የሚያስሩት ዳዶዎች በእነዚህ ይፈታሉ
- 21 ቁጥር ቁልፍ፤ በዲናሞው ዳዶ በኩል ሞተሩን በእጅ ለማዞር
- የካንዴላ ቁልፍ
- ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ቀጠን ያለ
- ፊለር ጌጅ (ክፍተት መለኪያ)፣ 0.4 ሚሊ ሜትር ቅጠል ያለው
- ትንሽ አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር፣ ሽቦዎቹ ጫፍ ላይ መቆንጠጫ ቢኖራቸው ይመረጣል
- ነጭ ቀለም ወይም ጠመኔ
- ንጹሕ ነጭ ወረቀትና ጨርቅ
- የልብስ ሰፊ ሜትር
- ካገኛችሁ ስትሮብ፣ ማለትም የታይሚንግ መብራት

ስለ አምፖሏ አንድ ነገር ልበል። ቮልቷ ከመኪናችሁ ጋር ይግጠም። የድሮዎቹ ቮልሶች 6 ቮልት ናቸው፣ በኋላ የመጡት 12። ዋቷም ትንሽ ይሁን፤ የዳሽቦርድ ወይም የጎን መብራት አምፖል በቂ ነው። የፍሬን መብራት ብትጠቀሙ ኃይሉ በቦቢናው (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት በሚያመነጨው) በኩል ስለሚያልፍ ትደበዝዛለች፤ ቀን ላይ መብራቷን ለመለየት ትቸገራላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ተጠንቀቁ

መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ወይም ታኮ አድርጉ፣ ማርሹን ፍሪ አድርጉ። ማርሽ ውስጥ ከቀረ ሞተሩን ስታዞሩ መኪናው አብሮ ይሄዳል።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን። በአምፖል የሚደረገው ሥራ የሚሠራው በቀዝቃዛ ሞተር ነው፤ ደግሞም እጃችሁ የሚገባው ከጋለ ብረት አጠገብ ነው።

ሞተሩ ተነስቶ የሚሠራውን ክፍል ከቤት ውጭ አድርጉት። በር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ የሚከማቸው ጭስ ይገድላል። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተፈታ ረጅም ፀጉር፣ የሹራብ ክር፣ ሁሉም ከቺንጋው ይራቅ።

የመኪናው ቁልፍ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ ለረጅም ጊዜ አይቆይ። ፑንቲናው (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ መገናኛ) በተዘጋበት ከቆመ ኃይል ያለማቋረጥ በቦቢናው ያልፋል። ቦቢናው ይግላል፣ ፑንቲናውም ይቃጠላል። ሥራ ስታቋርጡ፣ ስልክ እንኳ ስታነሱ፣ ቁልፉን ዝጉ።

ቁጥራችሁን እወቁ

ሁለት ነገር መለየት አለባችሁ፤ ዲስትሪቢዩተራችሁን እና ፑሌጃችሁን።

ዲስትሪቢዩተሩ ጎን ላይ ክብ ቆርቆሮ፣ ከእሱም ወደ ካርቡሬተር የሚሄድ አንድ ቀጭን ቱቦ ካለ የቫኩም ነው። ለአብዛኞቹ የ1300፣ የ1500 እና የ1600 ሞተሮች ከጫፍ በፊት፣ ማለትም ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ በፊት፣ 7.5 ዲግሪ ይደረጋል። በፈረንጆች ከ1961 እስከ 1965 ለወጣው የ1200 ሞተር ግን 10 ዲግሪ ነው።

ቆርቆሮም ቱቦም ከሌለው ብዙ ጊዜ የቦሽ 009 የሚባለው ነው። ለመነሻ 7.5 ዲግሪ ይደረጋል። ዋናው ቁጥሩ ግን ሞተሩ ከ3,000 ዙር በላይ ሲሽከረከር የሚታየው ነው፤ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ መሆን አለበት።

ቆርቆሮው ላይ ሁለት ቱቦ ካለው የተለየ ነው። ከ1971 እስከ 1973 ለአሜሪካ ገበያ የወጡት 1600ዎች ላይ ይገኛል። እሱ ሞተሩ እየሠራ፣ ሁለቱም ቱቦዎች እንደተሰኩ፣ ከጫፍ በኋላ 5 ዲግሪ ይደረጋል። ለዚህኛው ስትሮብ ግዴታ ነው።

አሁን ወደ ፑሌጃው። ከኋላ ቆማችሁ ስታዩት ከታች በመሃል ያለው ትልቁ ጎማ ነው። ጠርዙ ላይ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ቁርጥ ምልክቶች ታያላችሁ። ከሱ በላይ ሁለቱ የሞተር ግማሾች የተጋጠሙበት ቀጥ ያለ መስመር አለ። ምልክቱ የሚነበበው ከዚያ መስመር ጋር ሲገጥም ነው። ፑሌጃው የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ስለሆነ ቀድሞ መስመሩ ላይ የሚደርሰው የቀኙ ምልክት ነው። ሁለት ምልክት ባለው የተለመደው ፑሌጃ ላይ ግራው 7.5፣ ቀኙ 10 ዲግሪ ነው። ሦስት ካለው የግራው ጫፉ ነው፣ ማለትም ዜሮ።

አንድ ምልክት ብቻ ካለ ግን ቁሙ። ዕድሜ የጠገቡ መኪኖች ላይ ሞተሩ ከአንዱ፣ ፑሌጃው ከሌላው ይመጣል። አንዷ ምልክት ዜሮ ልትሆን ትችላለች፣ 7.5 ልትሆን ትችላለች፣ የዚያ የባለ ሁለት ቱቦው 5 ዲግሪ ከጫፍ በኋላ ልትሆንም ትችላለች። የመጨረሻዋን 7.5 ነች ብላችሁ ብትሠሩባት 12.5 ዲግሪ ያህል አዘገያችሁት ማለት ነው። «ሁሉን ነገር ቀየርኩለት፣ አሁንም ዳገት አይወጣም» ያሉኝ ብዙዎች ችግራቸው ይህ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ ጫፉን ራሳችሁ ፈልጉ። አፈላለጉ ደረጃ 3 ላይ አለ።

ደረጃ 1፦ ፑንቲናውን አስተካክሉ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ መጀመሪያ ፑንቲና፣ ከዚያ ታይሚንግ። ምክንያቱ ቀላል ነው። እሳቱ የሚነሳው ፑንቲናው ሲከፈት ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ቀድሞ ይከፈታል፣ ከጠበበ ዘግይቶ ይከፈታል። ታይሚንጉን አስተካክላችሁ ኋላ ፑንቲናውን ብትነኩ የሠራችሁትን አፈረሳችሁት።

የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ሁለት መያዣዎች በካቻቢቴ ወደ ውጭ ገፋ አድርጋችሁ ክዳኑን አንሱ። ሽቦዎቹን ከክዳኑ አትንቀሉ፤ አብረው ይነሱ። ከክዳኑ ሥር መሃል ላይ የሚዞረውን ሮተር ወደ ላይ ሳቡት፣ በቀላሉ ይወጣል። ከሥሩ የአቧራ መከላከያ ካለ አውጡት።

የፑንቲናውን ሁለት ፊቶች በደንብ እዩ። አንዱ ላይ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ ካለ ቀይሩት። የተጎደጎደ ፑንቲና በፊለር ጌጅ በትክክል አይለካም። ቅጠሉ ከጉብታው ጫፍ ላይ ያርፋል፣ እውነተኛው ክፍተት ግን ከዚያ ይሰፋል።

አራቱም ካንዴላዎች ቢወጡ ሞተሩ በእጅ እንደ ቅቤ ይዞራል። የሽቦዎቹን ቁጥር ግን ምልክት አድርጋችሁ ንቀሉ። የዲናሞውን ዳዶ በ21 ቁልፍ ይዛችሁ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። የፑንቲናው ጥቁር መርገጫ ከዘንጉ አራት ማዕዘን ከፍተኛው ላይ ሲወጣ አቁሙ። ክፍተቱ እዚህ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ይሁን። የማሰሪያውን ብሎን ላላ አድርጋችሁ ካቻቢቴውን ከጎኑ ባለው ቦታ አስገብታችሁ ጠምዘዝ አድርጉ። ቅጠሉ ሲገባ ሊሰማችሁ የሚገባው ቀላል መንካት ነው። መግፋት ካስፈለጋችሁ ጠቧል፣ ሳይነካ ካለፈ ሰፍቷል። ብሎኑን አጥብቁና እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ሁልጊዜ ትንሽ ይሸሻል።

አሁን ንጹሕ ወረቀት በሁለቱ ፊቶች መካከል አስገብታችሁ ፑንቲናው እንደተዘጋ ጎትቱት። ወረቀቱ ላይ ጥቁር ወይም ቅባታማ መስመር ይወጣል። ፊለር ጌጅ ዘይት አለው፣ አዲስ ፑንቲናም ከፋብሪካው ቅባት ተቀብቶ ይመጣል። ያ ቅባት ሲቃጠል ፑንቲናውን በሳምንት ውስጥ ያጠቁረዋል። ወረቀቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድገሙት። በመጨረሻ ዘንጉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል ግሪስ አድርጉ። ግሪስ የሌለው ዘንግ መርገጫውን ይበላዋል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ታይሚንጉም አብሮት ይዘገያል።

ደረጃ 2፦ 1 ቁጥር ሲሊንደርን አግኙ

ከመኪናው ኋላ ቆማችሁ ስታዩ በቀኝ ያሉት 1 እና 2 ናቸው። 1 ቁጥር ወደ መኪናው ፊት ያለው ነው፣ 2 ቁጥር ወደ እናንተ የቀረበው። በግራ በኩል በዚያው ሥርዓት 3 ከፊት፣ 4 ወደ እናንተ። የእሳቱ ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው። ሮተሩም በሰዓት አቅጣጫ ነው የሚዞረው።

ከ1 ቁጥር ካንዴላ የመጣውን ሽቦ ተከትላችሁ ክዳኑ ላይ የት እንደሚገባ እዩ። ብዙ ዲስትሪቢዩተሮች ጠርዛቸው ላይ በዚያው ትክክል ትንሽ ጭረት አላቸው። ቆሻሻ ሸፍኗት ይሆናል፤ በጨርቅ ጥረጉ።

ሮተሩን መልሱና ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ፤ የምትፈልጉት ምልክት ከመጋጠሚያው መስመር ጋር ይገናኝ። ሮተሩ ወደዚያች ጭረት ካመለከተ ትክክል ናችሁ። በተቃራኒው ካመለከተ ሞተሩን አንድ ሙሉ ዙር ጨምሩ። ፑሌጃው ሁለት ጊዜ ሲዞር ዲስትሪቢዩተሩ አንድ ጊዜ ነው የሚዞረው። ስለዚህ ምልክቱ ሁለት ጊዜ መስመሩ ላይ ይመጣል፤ የሚጠቅማችሁ አንዱ ብቻ ነው።

ለምን በ1 ቁጥር ብቻ? በብዙዎቹ የፋብሪካ ቫኩም ዲስትሪቢዩተሮች ላይ የ3 ቁጥር እሳት ሆን ተብሎ ጥቂት ዲግሪ እንዲዘገይ ተደርጓል። የዘይት ማቀዝቀዣው ከፊቱ ስለሚቆምበት 3 ቁጥር ሌሎቹ የሚያገኙትን ያህል ቀዝቃዛ አየር አይደርሰውም። በ3 ቁጥር ካስተካከላችሁ ሌሎቹን ሦስቱን አስቀደማችኋቸው።

ደረጃ 3፦ ምልክታችሁን አረጋግጡና ቀለም ቀቡ

የፑሌጃችሁን ምልክት በእርግጠኝነት የምታውቁ ቁርጡን ነጭ ቀለም ቀብታችሁ ወደ ደረጃ 4 እለፉ፤ ስትሮብ ያላችሁ ግን የ30 ዲግሪውን መስመር በዚህ ደረጃ መጨረሻ እንዳለው ቀቡ። ጥርጣሬ ያላችሁ ይህን አድርጉ።

ከ1 ቁጥር የካንዴላ ቀዳዳ ረጅም የፕላስቲክ ስትሮ አስገቡ። ብረት አታስገቡ፤ ፒስተኑን ይጭራል፣ ሊቀረቀርም ይችላል። ሞተሩን በቀስታ በሰዓት አቅጣጫ አዙሩ። ፒስተኑ ሲወጣ ስትሮውን ይገፋዋል። ስትሮው ላይ በእስክሪብቶ መስመር አድርጉ። መስመሩ ከቀዳዳው ጠርዝ ጋር ሲገጥም አቁሙና ፑሌጃው ላይ ከመጋጠሚያው መስመር ትይዩ በጠመኔ ጭረት አድርጉ። ማዞር ቀጥሉ። ፒስተኑ ጫፉን አልፎ መውረድ ሲጀምር ስትሮውን በቀስታ ጫን እያላችሁ አስከትሉት። መስመሯ እንደገና ከቀዳዳው ጠርዝ ስትገጥም ፑሌጃው ላይ ሁለተኛ ጭረት አድርጉ። የሁለቱ ጭረቶች እኩሌታ ትክክለኛው ጫፍ ነው።

ጫፉን ራሱን በዓይን ለመያዝ የማልመክረው ፒስተኑ እዚያ ሲደርስ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ስለሚመስል ነው። እኩሌታው ግን አይዋሽም።

ከዚያ የፑሌጃውን ዙሪያ በልብስ ሰፊ ሜትር ለኩ። ለ360 አካፍሉ፤ የአንድ ዲግሪ ርዝመት ታገኛላችሁ። ለምሳሌ ዙሪያው 54 ሳንቲ ሜትር ቢሆን አንድ ዲግሪ 1.5 ሚሊ ሜትር ነው። 7.5 ዲግሪ 11 ሚሊ ሜትር ተኩል ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ 30 ዲግሪ ደግሞ 45 ሚሊ ሜትር። ሁለቱንም ከጫፉ ወደ ቀኝ ለክታችሁ ቀጭን ነጭ መስመር ቀቡ። ወደ ግራ ከለካችሁ ከጫፍ በኋላ ስለሚሆን ተጠንቀቁ።

ደረጃ 4፦ አምፖሏን አገናኙ

ቦቢናው ላይ 15 እና 1 ተብለው የተጻፉ ሁለት ጫፎች አሉ። 15 ከመኪናው ቁልፍ ኃይል የሚመጣበት ነው። 1 ወደ ዲስትሪቢዩተር የሚሄደው ነው። የአምፖሏን አንድ ሽቦ 1 ላይ፣ ሌላውን ማሳ ላይ፣ ማለትም ቀለም በሌለው የሞተር ብረት ላይ ያዙ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፑንቲናው ተዘግቶ ሳለ ኃይሉ በእሱ በኩል ወደ ማሳ ይፈሳል፤ አምፖሏ ትጠፋለች። ፑንቲናው ሲከፈት ኃይሉ መሄጃ ስለሚያጣ በአምፖሏ ያልፋል፤ ትበራለች። የምትበራበት ቅጽበት ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት ነው።

ደረጃ 5፦ አስተካክሉ

ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ አዙራችሁ የ7.5 ምልክቱን፣ ወይም የእናንተን ቁጥር፣ ከመስመሩ ጋር በትክክል አግጥሙ። ካለፈባችሁ ልክ እስከ ምልክቱ ብቻ ወደ ኋላ አትመልሱ። ሩብ ዙር ያህል ወደ ኋላ ወስዳችሁ እንደገና በሰዓት አቅጣጫ ኑ። ዲስትሪቢዩተሩን የሚነዱት ጥርሶች መካከል ክፍተት አለ፤ ወደ ኋላ ስትመልሱ ፑሌጃው ተንቀሳቅሶ ሮተሩ ሳይንቀሳቀስ ይቀራል።

ሮተሩ ወደ 1 ቁጥር ማመልከቱን እዩ። ከዚያ የዲስትሪቢዩተሩን አንገት የሚያንቀውን ዳዶ አላሉ። በእጅ ሲጠመዘዝ ጠበቅ ብሎ የሚዞር ይሁን፤ ከላላ ሲታሰር ይሸሻል።

ቁልፉን ክፈቱ። ዲስትሪቢዩተሩን በሰዓት አቅጣጫ ጥቂት አዙሩ፤ አምፖሏ ትጠፋለች። አሁን ትንፋሻችሁን ሰብስባችሁ በተቃራኒው አቅጣጫ እጅግ በቀስታ መልሱት። ሁለት እጃችሁን ተጠቀሙ፤ አንዱ ይግፋ፣ ሌላው ያግት። አምፖሏ ብልጭ ባለችበት ቅጽበት አቁሙ። ዙሪያው ጸጥ ካለ ከፑንቲናው ትንሽ «ጠቅ» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ፤ እሷም ምስክር ናት።

ዳዶውን አጥብቁ፣ ቁልፉን ዝጉ።

ለማስታወስ ያህል፣ የዲስትሪቢዩተሩን አካል ከሰዓት በተቃራኒ ማዞር እሳቱን ያስቀድማል፣ በሰዓት አቅጣጫ ማዞር ያዘገያል።

ደረጃ 6፦ ፈትሹ

ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እባካችሁ አትዝለሉት። ዳዶው ሲጠብቅ ዲስትሪቢዩተሩን አንድ ሁለት ዲግሪ ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ቁልፉን ክፈቱና ሞተሩን በሰዓት አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩ። ወደ ምልክቱ ስትቃረቡ ፍጥነታችሁን ቀንሱ። አምፖሏ መብራት ያለባት ነጩ መስመር ከመጋጠሚያው ጋር ልክ ሲገጥም ነው። ቀድማ ከበራች እሳቱ ቀድሟል፣ አልፎ ከበራች ዘግይቷል። እስኪገጥም ደረጃ 5ን ድገሙ። እኔ አንዳንዴ ሦስት አራት ጊዜ እደግመዋለሁ።

ሲያልቅ ቁልፉን ዝጉ፣ አምፖሏን ንቀሉ፣ ካንዴላዎቹን በ0.6 እና 0.7 ሚሊ ሜትር መካከል ክፍተት መልሱ፣ ክዳኑን ግጠሙ። ካንዴላዎቹን መጀመሪያ በእጅ ብቻ አስገቡ። ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ ተጣሞ የገባ ካንዴላ ጥርሱን ይጨርሰዋል።

ደረጃ 7፦ ስትሮብ ያላችሁ

በአምፖል የተሠራው መኪናውን በሰላም ይነዳዋል። ስትሮብ ግን ሞተሩ ሲፈጥን እሳቱ በትክክል መቅደሙን ያሳያል። የዲስትሪቢዩተሩ ክብደቶች በዝገት ከተጣበቁ ሚኒሞ ላይ ሁሉም ደህና ይመስላል፤ ስትፈጥኑ ግን ጉልበት የለም። ይህን አምፖል አያሳያችሁም።

ሞተሩን አሙቁ። ባለ አንድ ቱቦ ቫኩም ከሆነ ቱቦውን ከዲስትሪቢዩተሩ ንቀሉና ጫፉን ዝጉ፤ ካልተዘጋ ካርቡሬተሩ ባዶ አየር ይስባል። የስትሮቡን መቆንጠጫ በ1 ቁጥር ሽቦ ላይ፣ ሁለቱን የኃይል ሽቦዎች በባትሪ ላይ አድርጉ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። መኪናው 6 ቮልት ከሆነ ስትሮቡን ከሌላ 12 ቮልት ባትሪ አብሩት።

ሚኒሞው 850 ዙር አካባቢ ይሁን። መብራቱን ፑሌጃው ላይ አብሩ። ነጩ መስመር የቆመ ይመስላል። አልቆመም! እጃችሁን አትዘርጉ። 7.5 ወይም የእናንተ ቁጥር ላይ ካልሆነ ዳዶውን አላልታችሁ አስተካክሉ። ከዚያ ረዳታችሁ ነዳጅ ይስጥ። መስመሩ ወደ ግራ ይሸሻል፣ የ30 ዲግሪው መስመር ወደ መጋጠሚያው ይመጣል። ከ3,000 ዙር በላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ላይ ከቆመ ጥሩ ነው። ለ009 ከሚኒሞው ቁጥር ይልቅ ይህን እመኑ። 30 ላይ አድርጉትና ሚኒሞው የወደደውን ይሁን። መስመሩ ከሸሸ በኋላ ወዲያ ወዲህ የሚዘል ከሆነ የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ አልቋል።

ሰው የሚሳሳትባቸው ነገሮች

ሞተሩ አልነሳ ብሎ በካርቡሬተሩ «ጧ» ካለ ሽቦዎቹ ተዛንፈዋል፣ ወይም በተሳሳተው ዙር ላይ ሠርታችኋል። ከ1 ቁጥር ጀምራችሁ በሰዓት አቅጣጫ 1-4-3-2 መሆኑን ቁጠሩ።

አምፖሏ ጭራሽ ካልጠፋች ፑንቲናው አልተዘጋም ወይም ቅባት አለበት። ጭራሽ ካልበራች ከዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ያለው ሽቦ ማሳ ነክቷል፤ ብዙ ጊዜ ፑንቲና ሲቀየር ማገጃዋ ቁራጭ በተሳሳተ ቦታ ገብታ ነው።

ፑንቲናው ወጥቶ የኤሌክትሮኒክ ሞጁል ከገባ የአምፖሏን ዘዴ ተዉት። በስትሮብ ብቻ ሥሩ፤ ቁልፉ ተከፍቶ ሲቆይ ሞጁሉ ሊቃጠል ይችላል።

ካርቡሬተር ቀድሞ መነካካትም ስሕተት ነው። ቫልቭ፣ ፑንቲና፣ ታይሚንግ፣ በመጨረሻ ካርቡሬተር። ሚኒሞው ታይሚንግ ሲስተካከል ራሱ ይለወጣል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ «እዚህ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንሽ ማስቀደም አይሻልም?» ትሉኛላችሁ። አየሩ ስለሚሳሳ ነበልባሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ አንድ ሁለት ዲግሪ መጨመር ሞተሩን አይጎዳውም፣ ዳገትም ያግዛል። ግን ያው መኪና ወደ አዋሽ ወይም ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ አየሩ ይከብዳል፣ ሙቀቱም ይጨምራል። ያኔ የተጨመረው ሁለት ዲግሪ ፒስተን ይመታል። እኔ የፋብሪካውን ቁጥር ነው የማደርገው። የጨመራችሁ ከመውረዳችሁ በፊት መልሱ።

ደረጃ 8፦ መንገድ ላይ ሞክሩት

ሞተሩ ሲሞቅ መካከለኛ ዳገት ፈልጉና በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ሰጥታችሁ ውጡ። መስኮቱን ክፈቱ፣ ሬዲዮ ይጠፋ። በጣሳ ውስጥ ጠጠር እንደሚንኳኳ ያለ ድምፅ ከሰማችሁ እሳቱ ቀድሟል። ወዲያው ነዳጁን ቀንሱ፣ ዳር ያዙ፣ ሁለት ዲግሪ አዘግዩ። የቮልስ ፋን ጩኸት ይህን ድምፅ ስለሚሸፍን በረጅም ግድግዳ ጥግ ስታልፉ አዳምጡ፤ ድምፁ ተመልሶ ይመጣል። ስታስነሱት ሞተሩ ወደ ኋላ የመምታት ያህል የሚያንገራግር ከሆነም ቀድሟል ማለት ነው።

ድምፁ ንጹሕ ሆኖ ዳገቱን ከወጣ ዲስትሪቢዩተሩና የሞተሩ ብረት በተገናኙበት ላይ በካቻቢቴ ጫፍ አንዲት ቀጥ ያለ ጭረት አድርጉ። ዳዶው ላልቶ ዲስትሪቢዩተሩ ቢዞር መንገድ ላይ ያለ ምንም መሣሪያ ወደ ቦታው ትመልሱታላችሁ። የሠራችሁበትን ዲግሪ፣ የፑንቲናውን ክፍተትና ኪሎ ሜትሩን በወረቀት ጽፋችሁ ዳሽቦርድ ኪስ ውስጥ አድርጉ። 5,000 ኪሎ ሜትር ስትሞሉ ክዳኑን አንስታችሁ ከፑንቲናው ጀምሩ።